የመምህር አደራ፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ቶኪዮ

ዛሬ የምንነሳው ከአራዳ ጊዮርጊስ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የጊዮርጊስም ወርኃዊ በዓል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ዘውድ ሲደፉ ከየአገሩ ከመጡት እንግዶች መካከል የጃፓን መንግሥት መልእክተኛም ነበሩ። ለዚያ ክብር ምላሽ ይዘው በ1924 ዓ.ም. ጃፓን የሄዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የመርሐቤቴው ልጅ፣ እንጦጦ ራጉኤል የተማሩት፣ አንድ ጊዜም የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት ኅሩይ፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉልን። ስለ ጃፓን ፋብሪካና ስለ ጃፓን ሕገ መንግሥት ከዚያ ወዲህ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ እውቀት ከመምህር ወደ ተማሪ የሚሻገርበትን መንገድ።

ብላቴን ጌታ ጃፓን በገቡበት ወቅት ቶኪዮ ላይ ሰባ ዓመት የደፈኑ አንድ መምህር ነበሩ፤ ጂጎሮ ካኖ። ጁዶን የመሠረቱት ሰው ናቸው።

ካኖ በወጣትነታቸው አጭርና ደካማ ነበሩ፤ ጉልበተኛ ተማሪዎች መከራቸውን ያሳዩዋቸዋል። ጁጂትሱ የሚባለውን የጥንቱን ትግል ለመማር ቢነሡ መምህር ጠፋ። የሳሙራይ ዘመን አልፎ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አውሮፓ አዙሮ፣ የትግል አስተማሪዎች ተማሪ አጥተዋል። ብዙዎቹ ታዲያ በምን ይተዳደሩ ነበር መሰላችሁ? በወጌሻነት! የሰው አጥንት የሚያወልቅ መመለሱንም ያውቅበታላ። ካኖም ወጌሻ ቤት እያንኳኩ «ትግል የሚያስተምር ታውቃላችሁ ወይ?» እያሉ ጠየቁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ከተባሉ ወጌሻ ዘንድ ደረሱ።

አንድ ቀን ፉኩዳ ብድግ አድርገው ጣሏቸው። ካኖ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡና «ይህን እንዴት አደረጉት?» አሉ። ፉኩዳ «ና» ብለው ደግመው ጣሏቸው። እጄን የት ላድርግ? እግሬንስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ መሬት ነበር። በመጨረሻ መምህሩ የተናገሩት፣ ደጋግመህ ስትሠራው ይገባሃል የሚል ነው። ካኖ ይህን በኋላ ራሳቸው አውርተውታል።

ድጓ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሲሰማ የሚገርመው አይመስለኝም። የኔታ ያዜማሉ፤ ተማሪው ይቀበላል። ከሳተ እንደገና። ደግሞም ከሳተ እንደገና። ለምን እንዲህ እንደሚዜም የሚያስረዳው የለም፤ ሌሊት በጨለማ ሲቀጽል ዜማው ራሱ ጉሮሮው ውስጥ ቦታ ይይዛል።

ፉኩዳ በ1879 ሞቱ። ባለቤታቸው የባላቸውን ጥቅል ጽሑፎች፣ ማለትም የትግሉን ምስጢርና የመምህራኑን ሐረግ የያዙትን፣ አምጥተው ለዚያ ወጣት አስረከቡት። ገና ሁለት ዓመት ለተማረ ልጅ! ሁለተኛው መምህር ኢሶ ማሳቶሞም ብዙ ሳይቆዩ በ1881 አረፉ። ካኖ ሦስተኛ መምህር ፈለጉ፤ ኢኩቦ ሱኔቶሺን አገኙ። በ1882 ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ አሥራ ሁለት ምንጣፍ በምታህል ክፍል የራሳቸውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ኢኩቦ ወደ ተማሪያቸው ቤት እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ተማሪው እንደበለጣቸው ያዩ ዕለትም ከእንግዲህ ወጣቶቹን አንተ አስተምር ብለው የራሳቸውን ጽሑፍ ሰጧቸው። እኔን ልቤን የሚነካኝ ይሄኛው ነው፤ መበለጡን በደስታ የሚቀበል መምህር።

በእኛ አገር ተማሪ መብቃቱን በመምህሩ ለሚያረጋግጥበት ሥርዓት የቆየው ቃል ማስመስከር ነው። ድጓ የሚመሰከረው ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ አቋቋም ጎንደር በዓታ ነው። አንድ ሊቅ ወንበር ሲዘረጋ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ተማሪ ነው?» ብሎ ነው። በ23 ሌሊት ጊዮርጊስ ማኅሌት ቆማችሁ ከሆነ፣ ዐይናችሁን ከጸናጽሉ አንሡና ወደ እግር ዝቅ አድርጉ። ከመሪጌታው ጎን የቆመው ወጣት መቋሚያውን የሚያነሣው እሳቸው ሲያነሡ ነው፤ ጉልበቱ የሚላወሰው የእሳቸው ሲላወስ ነው። እሳቸውም አንድ ዘመን እንዲሁ የሌላ ሰው እግር አይተዋል። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች ተቃጥሏል፤ ወረቡ ግን በሰው ውስጥ ነበርና ተመልሶ እዚሁ ቆመ።

ለካኖ ታሪክ የእኛው አምሳያ የሚመስለኝ ግን የሦስት ሰዎች ታሪክ ነው።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ኢየሩሳሌም ተቀምጠው የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይጨርሱትም አረፉ። ሥራውን ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ብለው ነበር። አለቃ ኪዳነ ወልድ ግሱን ከሥሩ እየመዘዙ፣ ከዕብራይስጡና ከዐረብኛው እያስተያዩ አስፋፉት። እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. መጽሐፉ ሳይታተም አረፉ። አደራው ወደ ሦስተኛው ሰው ዞረ፤ ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ።

አለቃ ደስታ ራሳቸው የቃላት ሰው ናቸው፤ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበራቸው። ነገር ግን የመምህራቸውን ጽሑፍ አስቀደሙ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን ስም ይዞ፣ እሳቸው ካረፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ።

የአለቃ ደስታ የራሳቸው መዝገበ ቃላት የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው።