አባ መሐሪ ያልደረሱበት ባሕር



ባለፈው ሻባት እንደወጣ፣ እዚህ ቂርያት ጋት አንድ ዘመድ ቤት ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና አያቱን ጠየቀ፦ «እኛ የመጣነው በእግርና በአውሮፕላን ነው አይደል? ታዲያ እዚህ ፊልም ላይ መርከቡ ምን ይሠራል?» የጠየቀው በዕብራይስጥ ነው። አያቱ ግማሹን ብቻ ሰሙ፣ እኔ ተረጎምኩላቸው። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። የባሕሩን መንገድ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ነገሩ የሚጀምረው ከመርከቡ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1862፣ በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ሚስዮናውያን ሕዝባችንን ሃይማኖቱን ለማስለወጥ ይጫኑት ነበር። ያኔ አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ለሙሴ የተከፈለው ባሕረ ኤርትራ ለእነሱም እንደሚከፈል ያምኑ ነበር። ግን ባሕሩን ሳያዩት ቀሩ። አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ ከተረፉት ብዙዎቹ እያዘኑ ወደየቀያቸው ተመለሱ።

ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሱዳን መንገድ ተከፈተ፤ ከከፈቱት አንዱ ፈረደ አክሉም ነው። ሕዝባችን ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ በእግሩ እየወጣ ገዳሪፍ አካባቢ ባሉት የስደተኛ ካምፖች፣ በኡም ራኩባና በተዋዋ፣ ማንነቱን ደብቆ ተቀመጠ። ቀብሩ በዛ።

በዚያው ጊዜ ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ የመዝናኛ መንደር ተከራየ። ቀን ቀን ቱሪስት ባሕር ውስጥ ይጠልቃል። ሌሊቱ ግን የእኛ ነበር። ሰው በጨለማ ከካምፕ ወጥቶ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዳርቻው ይደርሳል። ከዚያ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ እየጫኑ፣ ርቆ ወደቆመው መርከብ ያደርሱታል። የመርከቡ ስም «ባት ጋሊም» ነው፤ የማዕበል ልጅ ማለት ነው። በኅዳር 1981 የመጀመሪያዎቹ 164 ሰዎች በዚህ መንገድ ወጡ።

እስቲ አስቡት። ትልቅ ውሃ ቢባል ጣናንና ተከዜን የሚያውቅ ሰው፣ በሌሊት፣ ልጁን ታቅፎ በጎማ ጀልባ ወደ ጨለማው ሲገባ። ያ ባሕር እኮ አባ መሐሪ ይከፈላል ብለው የተነሡለት ባሕር ነው! አልተከፈለም፣ ግን ተሻገሩት።

መርከቡ ቀንና ሌሊት ወደ ሰሜን ተጉዞ ያረፈው ሻርም ኤል ሼክ ወደብ ነው፤ ያኔ በእስራኤል እጅ ነበር። ስለዚች ማረፊያ ብዙ አይወራም። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የምትነካኝ እሷ ናት። ቦታው የሲና ምድር ነው። በየዓመቱ በሲግድ ተራራ ወጥተን የምናስበው የሲና ቃል ኪዳን አይደል? ቄሶቻችን በግዕዝ ያነበቡትን አገር በእግራቸው ረገጡት። ወደቡ ላይ የሚነገረው ግን ዕብራይስጥ ነው። ኢየሩሳሌምን ዕድሜ ልኩን ሲናፍቅ የኖረ ሰው፣ ሲደርስ «ውሃ ስጡኝ» ለማለት ቋንቋ አጣ።

መንገዱ ዕድሜው አጭር ነበር። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ዳርቻው ላይ ደርሰው ተኮሱ። በሚያዝያ ሲና ለግብፅ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በአየር ሆነ፣ በ1984 መጨረሻም የሙሴ ዘመቻ ጀመረ።

በ2019 የወጣው ፊልም ጀግናው የሞሳድ ሰው ነው። ሰዎቹ ውለታ አለባቸው ብዬ አልክድም፤ ነፍሳቸውን አስይዘው ነው የመጡት። ግን ጀልባው ውስጥ የተቀመጠችው እናት ማን ነበረች? ምን አሰበች? ይሄን ፊልም አይነግረንም። የሚነግሩን እነሱ ራሳቸው ናቸው፣ ደግሞ በአማርኛና በትግርኛ ነው የሚነግሩን።

ያኔ ወደቡ ላይ ወላጆቻችን ቋንቋ አጡ። ዛሬ ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቋንቋ እያጡ ነው። እባካችሁ፣ በዚያ መንገድ የመጣ ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ አጠገቡ ተቀመጡ። ጠይቁት፣ ድምፁን ቅረጹት፣ ለልጆቹም ተርጉሙላቸው። ነገ እንዳይመሽብን።

ዕድሜና ጤና ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን፤ በመንገድ የቀሩትን ነፍስ ይማር።