ካንዲዴት

ካንዲዴት በእንግሊዝኛ ለምርጫ፣ ለሹመት፣ ለሥራ ወይም ለፈተና የቀረበ ሰው፣ ማለትም ዕጩ ነው። ምንጩ “ካንዲዳቱስ” የተባለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ “ነጭ የለበሰ” ነው፤ ሥሩም የሚያበራ ንጣትን የሚገልጸው “ካንዲዱስ” ነው።

በሮማ ሪፐብሊክ ዘመን ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ቶጋ የተባለውን ሰፊ መጎናጸፊያ በጠመኔ አንጥቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። የተራው ዜጋ ቶጋ የሱፉን የተፈጥሮ ቀለም የያዘ ስለሆነ፣ ተወዳዳሪው በሕዝብ መካከል ከሩቅ ይለያል። እየተዘዋወረ እጅ ይጨብጣል፤ የሚያገኛቸውን ሰዎች ስም የሚያስታውሰው አገልጋይም አብሮት ይሄዳል። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ለምርጫ ሲሉ ልብስ ማንጣትን የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። ልማዱ ግን አልጠፋም። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ በበኩሉ፣ ተወዳዳሪዎች ከቶጋው ሥር ሌላ ልብስ የማይለብሱበትን ምክንያት ሲመረምር፣ የጦር ሜዳ ጠባሳቸውን ለማሳየት ሊሆን እንደሚችል ይጠቅሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ64 ዓመት ሮማዊው ፖለቲከኛ ሲሴሮ የምርጫ ተቀናቃኞቹን ካቲሊናንና አንቶኒየስን የነቀፈበት ንግግር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነጭ ቶጋ ነው። የንግግሩ ቁርጥራጭ ብቻ መትረፉ ያሳዝናል፤ ስለ ጊዜው የምርጫ ፉክክር ብዙ በነገረን ነበር።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ ነው። ግልጽና ቅን ማለት የሆነው “ካንዲድ”፣ እንዲሁም ሻማ ማለት የሆነው “ካንድል” የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው።