በፎቶግራፍ ላይ የሚጻፍ ቃል፤ ከሐረር እስከ መልካ ጀብዱ

በ1875 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ፣ ድሬዳዋ ገና ሳትቆረቆር፣ በሐረር የባርዴ ንግድ ቤት ወኪል የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ራሱን በራሱ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ለቤተሰቡ ላከ። ምስሎቹን ብቻ አልሰደደም። አንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ፣ ሁለተኛው በቡና አትክልት ውስጥ፣ ሦስተኛው እጆቹን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል የተነሣው መሆኑን በደብዳቤው ዘረዘረ። ምስሎቹ የነጡትም በመጥፎ ውሃ ስለ ታጠቡ መሆኑን አስረዳ። ይህ የመጨረሻው ቃል ባይጻፍ ኖሮ የዛሬው ተመልካች ጥፋቱን በዘመን ብዛት ባመካኘ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ በ2002 ዓ.ም. ታየ። በኤደን ከተማ በአንድ ሆቴል ደጃፍ የተሰበሰቡ ሰዎችን የሚያሳይ አሮጌ ፎቶግራፍ በፓሪስ ይፋ ሲሆን ከመካከላቸው አንዱ ራምቦ ነው ተባለ። ከጀርባው የተጻፈው ግን የሆቴሉ ስም ብቻ ስለ ነበረ በሰዎቹ ማንነት ላይ ብዙ ክርክር ተነሣ። ስማቸውን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ በበቃ ነበር!

ኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1914 «አውቶግራፊክ» የተባለ ካሜራ አወጣ። አንሺው በካሜራው ጀርባ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ከፍቶ ቀኑንና ቦታውን በብረት መጻፊያ ሲጽፍ፣ ብርሃን ጽሕፈቱን በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያትመው ነበር። ይኸው አሳብ ከብዙ ዓመት በኋላ በእጅ ስልክ የማስታወሻ ፕሮግራሞች ተመለሰ። ኤቨርኖት በ2003 ዓ.ም. በምስል ላይ ቀስት፣ ክብና ቃል የሚያኖረውን ስኪችን ገዝቶ የራሱ አደረገ። ነገር ግን ቀስቱ ከምስሉ ጋር ተዋሕዶ ሲቀመጥ ከበታቹ ያለው ስንጥቅ ዳግመኛ አይታይምና ዋናው ምስል ሳይነካ ለብቻው መቀመጥ ይገባዋል።

ጉዳዩ ለአገራችን መሐንዲስ የቅንጦት አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የቀድሞው ባቡር ጣቢያው በከተማዋ መካከል ነው፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ ግን ጣቢያውን ያደረገው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው። ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ክፍል የሠራው የቻይና ኩባንያ ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ሁለት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስልኩ በምስሉ ውስጥ ሰውሮ የሚመዘግበው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለ ሆነ፣ በመልካ ጀብዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሣ ምሰሶ በመዝገቡ 9 ሰዓት ይባላል። ተቆጣጣሪው ይህንኑ ሳያገናዝብ «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብሎ ከገለበጠው በመካከሉ ስድስት ሰዓት ይገባል። ኮንክሪት ለሚሞላ ሰው ደግሞ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በቆላ ፀሐይ ውሃው ቶሎ ተንኖ የሚደርቅ ኮንክሪት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በታየ ጊዜ ሥራ ተቋራጩ በጠዋት ሞልቻለሁ ይላል፤ ማስታወሻው ግን በሐሩር ተሞላ ብሎ ይመሰክርበታል።

በስልኩ መስተዋት ላይ በጣቱ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የምሰሶው የሰሜን ፊት» ብሎ የጻፈ መሐንዲስ ከዚህ ሙግት ይድናል። ኮንክሪቱ የተቦካበት ውሃ ከየት እንደ መጣ ከጨመረበት ደግሞ ከራምቦ ይስተካከላል።