እኔ ማውስ ነኝ ያለችው ሰሌዳ

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዘመድ እጅ ከባሕር ማዶ የመጣችልኝ ያገለገለች ላፕቶፕ በቫይረስ ታንቃ አልነሳም አለች። ፍላሽ ዲስክ ከኢንተርኔት ቤት ወደ ኢንተርኔት ቤት ቫይረስ ተሸክሞ የሚዞርበት ዘመን እንደነበር ታስታውሱታላችሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ መላ አመጣ። ዊንዶውሱን ነቅሎ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫነልኝ። ሲዲው እንኳ በነፃ፣ በፖስታ የመጣለት ነው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከቫይረስ ተገላገሉ» አለኝ።

ከቫይረሱስ ተገላገልኩ። መከራው የመጣው ስጽፍ ነው። ከቁልፎቹ በታች ያለችው፣ ጣት የምናንሸራትትባት ሰሌዳ፣ ታችፓድ የምንላት፣ የመዳፌ ጠርዝ በነካት ቁጥር ጠቋሚው ዘሎ ሌላ አንቀጽ ውስጥ ይገባል። ስለ ኑሮ ውድነት የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ስለ ሠርግ ወጪ ከጻፍኩት መሐል ተሰንቅሮ አገኘዋለሁ። መቼስ ሁለቱ ጉዳዮች ዘመዳሞች ናቸው፤ ቢሆንም እንዲህ ተቃቅፈው አንባቢ ፊት አይቀርቡም። ልጁን ጠርቼ አማረርኩ።

«ጋሼ፣ ድራይቨሩ ነው» አለኝ።

ሹፌሩ ደግሞ ምን አደረገ ልለው ነበር። እሱ ግን ሲያስረዳኝ ነገሩ ከሹፌር ይልቅ አስተርጓሚ መሰለኝ። ፍርድ ቤት የቆመ ባለጉዳይ የራሱን ቋንቋ ይናገራል፤ ዳኛው ሌላ ቋንቋ ይሰማል፤ መሐል ያለው አስተርጓሚ ካልቻለበት ፍርዱ ይጣመማል። ድራይቨር ማለት በዕቃውና በሲስተሙ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። የእኔ ታችፓድ አስተርጓሚ ነበራት፤ የቋንቋዋን ግማሽ ብቻ የሚያውቅ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እስቲ ከሥሩ እንየው።

ከታችፓድ በፊት አንዳንድ ላፕቶፖች በእንዝርት ኳስ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጡት የአፕል ፓወርቡኮች መሐላቸው ላይ በጣት የምትሽከረከር ኳስ ነበረቻቸው። ኳሷ የጣት እድፍ ትሰበስባለች፤ እድፉ ሲጠራቀም ትነክሳለች። ጆርጅ ገርፋይድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1988 የሚንቀሳቀስ አካል የሌላትን ሰሌዳ ፈለሰፈ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 ፓወርቡክ 500 ላይ አወጣት። ብልሃቱ ይህ ነው፦ ከሰሌዳዋ ሥር እንደ ወንፊት የተጠላለፉ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ሰሌዳዋ ላይ ሲያርፍ በመስመሮቹ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ክምችት በጥቂቱ ያዛባዋል። ያን መዛባት የምትለካ ትንሽ ቺፕ ጣቱ የት እንዳረፈ ታውቃለች። እርጥብ እጅ የሚያሳስታትም ለዚሁ ነው።

በዚያው ዘመን ሲናፕቲክስ የተባለ ኩባንያም ገባበት። የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1986 ፌዴሪኮ ፋጂንና ካርቨር ሚድ ናቸው። ፋጂን የመጀመሪያዎቹን ማይክሮፕሮሰሰሮች፣ የኢንቴል 4004ን፣ ንድፍ የመራ ሰው ነው። ሲጀምሩ የአንጎልን አሠራር የሚከተሉ ቺፖችን ሊሠሩ ነበር ሐሳባቸው። እንጀራ ያበላቸው ግን ታችፓድ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣመመው። ኮምፒዩተሮች የሚያውቁት ማውስን ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው የፒኤስ/2 ሥርዓት ማውስ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ባይት ብቻ ትልካለች፦ ወደ ጎን ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ይህን ያህል፣ የተጫነው ቁልፍ ይህ። አዲሲቱ ሰሌዳ በየቤቱ እንድትገባ ምን አደረገች? «እኔ ማውስ ነኝ» አለች። ሲስተሙም አመናት። ጣቱ ሰሌዳዋ ላይ የት እንዳረፈ፣ ምን ያህል እንደተጫነ፣ ጣት ይሁን መዳፍ ውስጧ ታውቃለች፤ አትናገርም።

እንድትናገር የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የሲናፕቲክስ የይለፍ ቃል እንደ በር ማንኳኳት ያለ ነው። አንድ ተራ የማውስ ትእዛዝ አራት ጊዜ በተከታታይ ይላክላታል፤ ማንም ጤነኛ ሰው ለእውነተኛ ማውስ እንዲህ አይልክም። አራቱ ትእዛዞች በውስጣቸው ጥቂት ጥቂት ቁጥር ይዘዋል፤ ሲገጣጠሙ መልእክት ይሆናሉ። ያኔ ሰሌዳዋ ጭምብሏን ታወልቅና በሦስት ባይት ፈንታ ስድስት እየላከች እውነቱን ትዘረግፋለች።

ሲናፕቲክስ ይህን ምስጢር በመመሪያ መልክ አሳትሞ አወጣ። በእኔ እምነት የታሪኩ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። መመሪያው ስለነበረ እነ ስቴፋን ግማይነርና ፒተር ኦስተርሉንድ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር ጽፈው፣ ማንም አንብቦ እንዲያርመው ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረጉ።

ሌሎቹ አምራቾችስ? ብዙዎቹ ዝም አሉ። ክፉዎች ስለሆኑ ነው ማለት ይከብዳል። ተፎካካሪ እንዳይገለብጣቸው ይፈራሉ፤ የሊኑክስ ተጠቃሚም ጥቂት ስለሆነ ድካሙ አያዋጣም ይላሉ። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ገንዘብህን ከፍለህ የገዛኸው ዕቃ ቋንቋውን ካልነገሩህ ግማሹ የሻጩ ነው።

ታዲያ በጎ ፈቃደኞቹ ምን አደረጉ? ጆሮ ጠቡ። ዊንዶውስን ሊኑክስ ውስጥ በምናባዊ ማሽን ያስነሡታል፤ የኩባንያው ድራይቨር ከሰሌዳዋ ጋር የሚነጋገረውን እያንዳንዱን ባይት ይመዘግባሉ። ከዚያ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያደረጉ የትኛው ቁጥር ከየትኛው እንቅስቃሴ ጋር እንደሚለወጥ ያያሉ። የጃፓኑ አልፕስ ሰሌዳዎች ቋንቋ በአብዛኛው የተፈታው በዚህ መንገድ ነው። ያውም አንዱ ተፈታ ሲባል ኩባንያው ሌላ ሞዴል በሌላ ቋንቋ ያወጣል።

ይህ የፈረንጆች የቤት ጣጣ ነው የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያና በጀርመን የትብብር ፕሮግራም አማካይነት በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ኤክስኦ ላፕቶፖች ለትምህርት ቤት ልጆቻችን ተሰጥተዋል። የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኤክስኦዎች ታችፓድ ደግሞ የአልፕስ ሥራ ነበረች፤ ሙቀትና እርጥበት ሲነካት ጠቋሚዋ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። መፍትሔው የቁልፍ ሰሌዳውን አራት ማዕዘን ቁልፎች በአንድ ጊዜ መጫን ነበር፤ ያኔ ታችፓዷ ራሷን እንደገና ትለካለች። በኋላ ለተመረቱት ሌላ ዓይነት ታችፓድ ተገጠመላቸው። ይህን ዘዴ ያልተነገረው ልጅ ግን ምን ይላል? «እጄ ነው መሰል የማይሆነው» ነው የሚለው። ልጅ ማሽኑን አይጠረጥርም፤ ራሱን ነው የሚጠረጥረው። ዕቃ ሰጥቶ ዕውቀቱን ማስቀረት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ፍጻሜው ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሄንሪክ ሪድበርግ ብዙ ጣቶችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ደንብ ለሊኑክስ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8.1 ጋር አምራቾች የሚከተሉት አንድ የጋራ የታችፓድ ቋንቋ አወጣ፤ ሊኑክስን ለመጥቀም ብሎ ባይሆንም ጥቅሙ ለሊኑክስም ተረፈ። ቋንቋው አንድ ከሆነ አስተርጓሚውም አንድ ይበቃዋላ! እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሊብኢንፑት የተባለው የጋራ ሶፍትዌር 1.0 ደረሰ፤ ፒተር ሁተረር የሚመራው ነው። የድሮው ድራይቨር በደርዘን የሚቆጠሩ ማስተካከያዎችን ለተጠቃሚው ይተው ነበር። አዲሱ ግን መዳፍን ከጣት የመለየቱን ሥራ ራሱ ተሸከመ። ዝም ይሉ ከነበሩት ኩባንያዎችም የአንዳንዶቹ መሐንዲሶች ኮድ መላክ ጀመሩ።

የእኔዋስ? የእህቴ ልጅ ያኔ ግማሽ ቀን ተቀምጦ አንድ ነገር ሲጽፍ ዋለ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ዴሞን ጫንኩልዎት» ብሎ አስደነገጠኝ። በስመ አብ! ለካ ከጀርባ ሆኖ ዝም ብሎ የሚሠራ ፕሮግራምን ዴሞን ይሉታል። ይኼኛው ቁልፍ ስጫን ታችፓዷን ለአፍታ ያስተኛታል፤ ሳቆም ይቀሰቅሳታል። የጻፈው የማላውቀው ሰው ነው፤ አልከፈልኩትም፤ መዳፌ ሰሌዳውን እንደሚነካ ግን አስቀድሞ አስቦልኛል።

ዛሬ የምጽፍበት ላፕቶፕም ሊኑክስ ነው። ታችፓዷ ስለመኖሯም ትዝ አትለኝም። የኑሮ ውድነቱ በየአንቀጹ የሚገባው አሁን በራሱ ጉልበት ነው።