ስለ «የወተት አሲድ» ስያሜና ስለ ወንድሞቹ

የሳይንስ ቃል ሲተረጐም ስያሜው የተገኘበትን ምንጭ ይከተል ወይስ የነገሩን ባሕርይ? ለዚህ ጥያቄ የላክቲክ አሲድ ታሪክ ጥሩ ምስክር ሆኖ እናገኘዋለን።

በነቀምቴ፣ በበከኒሳ ቀሴ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዋ እመቤት ወተቱን «አነን»፣ እርጎውን «ኢቲቱ»፣ የእንጀራውን ሊጥ «ቡኮ» ትላለች፤ የመጨረሻውን ቃል አማርኛም ይጋራዋል። ስሞቹ ሦስት ቢሆኑም እርጎውንም ቡኮውንም ከሚያኮመጥጡት አንዱ ይኸው አሲድ ነው።

ስዊድናዊው ሼሌ አሲዱን በ1780 እ.ኤ.አ. ከኮመጠጠ ወተት ለየው። ስለዚህም ስዊድኖች «ሚየልክሲራ»፣ ጀርመኖች «ሚልኽዞይረ» አሉት፤ ሁለቱም «የወተት አሲድ» ማለት ነው። «ላክቲክ» የሚለውም ወተት ከሚባለው የላቲን ቃል ወጣ። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቤርሴሊየስ አሲዱን ከጡንቻ አገኘው፤ ስሙም ከምንጩ ጋር መለያየት ጀመረ።

ችግሩ የከፋው ወንድሞቹ ሲታወቁ ነው። 3 የካርቦን፣ 6 የሃይድሮጅንና 3 የኦክሲጅን አቶሞች ካሏቸው አሲዶች መካከል ሃይድሮክሲው በ2ኛው ካርቦን ላይ ሲያርፍ ላክቲክ አሲድ፣ በ3ኛው ላይ ሲያርፍ ሌላ አሲድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ቪስሊሴኑስ በ1873 እ.ኤ.አ. የጡንቻውና የእርጎው አሲድ በአቶሞች አያያዝ አንድ ሆነው በብርሃን ላይ ባላቸው ጠባይ እንደሚለያዩ አስረዳ፤ ምክንያቱንም ከአቶሞቹ የቦታ አቀማመጥ ፈለገ። በዓመቱ ፋን ት ሆፍ ነገሩን በካርቦን አራት አቅጣጫዎች ገለጸው፤ ሁለቱ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ ናቸው።

እንግዲህ «የወተት አሲድ» ብንል የጡንቻውን በወተት ስም እንጠራለን፤ 3ኛው ካርቦን ላይ ሃይድሮክሲ ያለውንም ወንድም ከቤተሰቡ እናስወጣለን። ስለሆነም በመዝገበ ቃላት «ላክቲክ አሲድ» የሚለው እንዲጸና፣ ቤተሰቡ ሲዘረዘር «2-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ» እና «3-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ» እንዲባል፣ ቁጥሩም ከቶ እንዳይጣል እናሳስባለን። ተርጓሚ ቁጥሩን እንደ ጌጥ ቈጥሮ ቢተወው ሁለት ነገሮችን አንድ ያደርጋል።

የሕዝቡ ቃል ግን አይጣልም። በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ያረፉት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት የተዘጋጀውንና በ1899 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጕሙ የሕዝቡን ሕያው ቃል ይዘው ነበር። እኛም ስሙን ለኬሚስትሪ ሰጥተን ፍቺውን በእርጎና በቡኮ ብናብራራ፣ ተማሪው ከማጀቱ ተነሥቶ ወደ ሞለኪውሉ ይደርሳል።