የማንኪራ እረኛ
ከየመን ግመል እስከ ቦንጋ በግ

ከቦንጋ ከተማ ተነሥቶ ወደ ዴቻ ወረዳ የሚወርድ እንግዳ ማንኪራ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚሰማው የእረኛውን ታሪክ ነው። ካልዲ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ከአንድ ቍጥቋጦ ቀይ ፍሬ በልተው ሲቧርቁ አየ፤ ፍሬውን ወስዶ ለመነኮሳት አሳየ፤ እነርሱም ቀቅለው ጠጥተው የሌሊት ጸሎታቸውን ያለ እንቅልፍ ፈጸሙ ይባላል። ከዚያ በኋላ እንግዳው በጫካው ጥላ ሥር «የቡና እናት» እየተባለ የሚጠራውን ያረጀ ዛፍ ያያል። ማንኪራ በደን የተከበበች የገጠር ቀበሌ ናት፤ ስሟ በሩቅ አገር የተሰማው በዚህ ዛፍና በዚህ እረኛ ምክንያት ነው። ዛፉ ከአገሩ አፈር የበቀለ ለመሆኑ ማስረጃው በቂ ነው። የእረኛው ትውልድ ግን ሲመረመር ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዳል።

ስለዚህ እረኛ ከሚናገሩት እስካሁን ከታወቁት ጽሑፎች ቀዳሚው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1671 ዓ.ም. በሮማ ታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ጸሓፊው ፋውስቶ ናይሮኒ የሚባል ማሮናዊ ሊቅ ሲሆን፥ በዚያው ከተማ የሶርያ ቋንቋ መምህር ነበረ። ስለ ቡና መጠጥ ጠቃሚነት በላቲን ባዘጋጃት በዚህች አነስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩ የተፈጸመው በየመን ነው፤ እረኛው ስም የለውም፤ የሚጠብቃቸውም እንስሳት ግመሎች ናቸው። ፍየሎች ነበሩ የሚሉ እንዳሉ ግን በአንዲት ሐረግ ጠቅሶ ያልፋል። እረኛው በአቅራቢያው ወዳለው ገዳም ሄዶ ያሰማው አቤቱታ፥ መንጋዬ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ሲጨፍር ያድራል የሚል ነበር። አበምኔቱም ምክንያቱ ከግጦሹ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቦታውን መረመረ፤ ቍጥቋጦውንም አገኘ። ግመል ሲጨፍር አደረ ማለት ለአድማጭ ሳይከብድ አልቀረም መሰለኝ ባይ ስለ በዛ ይሆናል፥ ኋላ የተረኩት ሁሉ ግመሉን ትተው ፍየሉን ያዙ።

ዓረቦች ራሳቸው ቀደም ብለው የጻፉት ከዚህ የተለየ ነው። አብዱልቃድር አልጀዚሪ በ16ኛው መቶ ዓመት ስለ ቡና ባዘጋጀው መጽሐፍ የሚነሣው ሰው እረኛ ሳይሆን አልዘብሃኒ የሚባል የኤደን የሕግ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ15ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ በአፍሪቃ ጠረፍ ሳለ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አየ፤ ወደ ኤደን ተመልሶ በታመመ ጊዜ ነገሩ ትዝ ብሎት ቢጠጣው ጠቀመው፤ ከዚያም በሌሊት ጸሎት በሚተጉት ሱፊዎች ዘንድ ልማድ ሆነ ይላል። በዚህ አተራረክ ቡናን በድንገት ያገኘ ሰው የለም። አልዘብሃኒ ያየው የሌሎችን ሰዎች የቈየ ልማድ ነው፤ ልማዱም የተገኘው ከባሕሩ ወዲህ፥ በእኛ በኩል ነው።

ካልዲ የሚለው ስም የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው። ስሙን በዓለም ከአሠራጩት ጽሑፎች አንዱ አሜሪካዊው ዊልያም ዩከርስ በ1922 ዓ.ም. ስለ ቡና ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ነው። ዛሬ በጅማ በኩል የጮጬ ሰዎች እረኛው የእኛ ነው ይላሉ፤ የማንኪራ ሰዎችም የእኛ ነው ይላሉ። በሮማ በተጻፈ በአንድ ስም የለሽ የየመን ሰው ሁለት የኢትዮጵያ አገሮች መከራከራቸው ለታሪክ ተመራማሪ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ ተቀብሎ ለልጆቹ የሚተርከው ነገር እርሱ ራሱ ትውፊት ይሆናልና፥ መመዝገብ ይገባዋል፤ የሚመዘገበው ግን ከነዕድሜው ነው።

ለዛፉ አገር እረኛ ምስክር አያስፈልገውም። ሊኔ በ1753 ዓ.ም. ተክሉን የዓረብ ብሎ ቢሰይመውም፥ በዱር የበቀለው ቡና በብዛትና በልዩ ልዩ ዓይነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። በ2024 ዓ.ም. የታተመ የዘር ጥናትም ይህ ቡና ከ600,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል እንደ ተገኘ ገምቷል።

የተረቱ ጕዳት ሌላ ነው። በተረቱ ውስጥ ጫካው ባለቤት የለውም፤ ፍየል ያገኘውን ሰው ይወስዳል። በካፋ ግን «ኮቦ» የሚባል የቈየ ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት የደኑ እያንዳንዱ ክፍል ድንበሩ የታወቀ፥ ባለቤቱም የታወቀ ነው፤ ቡናውን የሚለቅም፥ ቀፎ የሚሰቅል፥ ቅመሙን የሚሰበስብ እርሱ ነው፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1897 ዓ.ም. ካፋን ድል አድርገው ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ (በ1919 ዓ.ም. በግዞት ሳሉ ሞቱ) መሬቱ ለአዲስ ጌቶች ተከፋፈለ። በ1975 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። የመንግሥት መዝገብ ኮቦን ባያውቀውም ጎረቤት ከጎረቤት ሲያከብረው ኖረ። ደኑ በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲታወቅ፥ የውጭ ሰው እንደ ዱር የቈጠረው ስፍራ በእውነቱ በሥርዓት የተያዘ ርስት ነበር።

እረኝነት ራሱ ከተነሣ ደግሞ ካፋ የራሱ እረኞች አሉት፤ የሚፈለጉት ግን ከማንኪራ ጫካ ርቆ፥ በአዲዮ ወረዳ ደጋ ላይ ነው። በዚያ እንሰት፥ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ቤተሰቦች የቦንጋ በግ የሚባለውን ያረባሉ። ይህ በግ ላቱ ረጅምና ስባም፥ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ የለሽ፥ ጠጕሩ አጭር፥ መልኩም በብዛት ቡናማ ነው። ቀድሞ አንድ ችግር ነበረ፤ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ አስቀድሞ ይሸጥና ለዘር የሚቀረው ደካማው ይሆን ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከውጭ የምርምር ተቋሞች ጋር ሆኖ ሥራ ሲጀምር፥ ምርጫው ለባለ በጎቹ ተተወ፤ የቦቃ ሹታ ማኅበርም ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። በምርጫው ቀን ጠቦቶቹ ወደ አንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ። የምርምር ሠራተኞች የክብደታቸውን መዝገብ ያቀርባሉ፤ ከመንደሩ የተመረጡት ሰዎች ደግሞ ላቱን፥ ቁመናውን፥ መልኩንና ቀንዱን በዓይናቸው እያዩ ተከራክረው ይወስናሉ። የተመረጠው አውራ በግ ለአንድ የእረኞች ቡድን ይሰጥና የተወሰነ ጊዜ ካገለገለ በኋላ፥ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይዳቀል ወደ ሌላ ቡድን ይተላለፋል።