ከታናሽ ሚና እስከ ዋና ገጸ ባሕርይ፤ የአርቲስት ደበበ እሸቱ የፊልም ጉዞ

የአገራችን የፊልም ታሪክ ሲነገር አስቀድሞ የሚወሳው የአዘጋጁ ስም ነው። ተዋናዩ፣ ይልቁንም አነስተኛ ሚና ይዞ የሚሠራው፣ ከስም ዝርዝር አልፎ እምብዛም አይጠቀስም። የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ውጭ ስላለ አንድ ሰው እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ አርቲስት ደበበ እሸቱን የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ኢትዮጵያዊ ተዋናይ በፊልም ሥራ ብቻ ሊኖር የማይችልበት ዘመን ረጅም ነበር። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከቀረበ በኋላም ለብዙ ዓመታት የአገር ውስጥ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ሙያው ያደገው በቴአትር መድረክ ላይ ነው። በሃንጋሪ ትምህርታቸውን የተከታተሉት ደበበም በቅድሚያ የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ወደ ፊልም የገቡትም ይህንኑ የመድረክ ሥልጠና ስንቅ አድርገው ነው።

በ1965 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ከፊሉ በኢትዮጵያ ተቀርጿል። ታሪኩ በተንኮል ወደ አውሮፓ ስለሚጋዙ አፍሪካውያን ሠራተኞች ሲሆን፣ ዋናውን ሚና የያዘው ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው። ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆነው ተጫውተዋል። የማስታወቂያው ሥዕል የዋናው ተዋናይ ነው፤ የታሪኩ እውነትነት ግን እንደ ዋሳ ባሉት ሰዎች ትከሻ ላይም ያርፋል። እኛ መሐንዲሶች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም። ከመንገድ በታች የተቀበረውን የውኃ መውረጃ ቱቦ አላፊ አግዳሚው አያየውም፤ ቱቦው ከተበላሸ ግን መንገዱ በአንድ ክረምት ይሄዳል።

የሰውየው ጠባይ በፊልም ብቻ አይለካም። ዕድሜያቸውን በሌላ ሰው ቃል ሲናገሩ የኖሩት ደበበ፣ በ1997ቱ ምርጫ ወቅት ከቅንጅት ጋር ቆመው በገዛ ቃላቸው ተናገሩ። ከምርጫው በኋላ ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ታስረው በ2004 ዓ.ም. ተፈቱ። ይህን የማነሣው የፖለቲካ አቋማቸውን ለመመዘን አይደለም። በሕዝብ የተወደደ ሰው ዝናውን ይዞ በዝምታ መኖር ሲችል፣ ያመነበትን ተናግሮ ዋጋውን መክፈሉ ግን ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

ከዚያም በ2006 ዓ.ም.፣ ከ«ሻፍት» 41 ዓመት በኋላ፣ በትውልደ ኢትዮጵያዊው ባዚ ጌቴ የተዘጋጀው የእስራኤል ፊልም «ቀያይ ቅጠሎች» ዋናውን ሚና ሰጣቸው። መሰጋንዮ የተባለው ሽማግሌ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት ሊኖር ይሄዳል፤ ነገር ግን የአባትነት ወጉ በልጆቹ ዘንድ ቦታ አጥቶ ያገኘዋል።

ይህን ፊልም ያየሁት ለመንገድ ሥራ ማጂ በነበርሁ ጊዜ፣ በካምፓችን ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በላፕቶፕ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ሚዛን ተፈሪ መውረድ የሚያስጨንቅበት፣ ሲኒማ ቤትም የሌለበት አገር ነው። የካምፑ ጥበቃ፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ የቡና እርሻ የወረዱባቸው አባት፣ ከኋላችን ቆመው ተመለከቱ። ፊልሙ ሲያልቅ ስለ ተዋናዩ አልጠየቁንም። የጠየቁን፣ ያ ሽማግሌ ኋላ ከልጆቹ ጋር ታርቆ እንደሆነ ነበር። ተዋናዩን ፈጽሞ አላዩም፤ ያዩት አባቱን ነው።

እኔ በበኩሌ ለአንድ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ ሽልማት አላውቅም። ይህም በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ታናሹን ሚና እንደ ታላቅ አድርጎ የሠራ ሰው ታላቁ ሚና ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በየጫካውና በየገደሉ ስማቸው ሳይጻፍ ለሚደክሙት የሙያ ባልደረቦቼም ይህ ታሪክ መጽናኛ ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ጭምር ነው።